ተጣብቆ የሚገድል፦ የከብት ሳምባ በሽታ ታሪክና የገዛናቸው ጊደሮች



ባለፈው ዓመት ታከር ላይ ባደረግነው ጠቅላላ ስብሰባ ረጅም ሰዓት ያከራከረን ጉዳይ የመንገድ ወይም የትምህርት ቤት ጉዳይ አልነበረም፤ የጊደር ጉዳይ ነበር። እናንተ ባዋጣችሁት ገንዘብ ለእማወራ ቤተሰቦች ከተገዙት ጊደሮች መካከል የተወሰኑት መሳል ጀመሩ፣ ከሱ፣ ሞቱም። ቀጥሎ የጎረቤት ከብት ሳለ። በደህና ከወለዱትም መካከል ጥጃቸው ሳምንት ሳይሞላው በተቅማጥ የሞተባቸው አሉ። በስብሰባው ላይ አንድ አባታችን ተነሥተው «እንግዲህ ዕድላችን ነው» አሉ። አንዲት እህታችን ደግሞ «ዕድል አይደለም፣ አለማወቃችን ነው» ብለው መለሱላቸው።

ኮሚቴው ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የጠየቀኝ አገር ቤት ሳለሁ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው። እኔም ከእህታችን ጋር እስማማለሁ። በእኛ ጊደሮች ላይ የደረሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ብናውቅ ኖሮ ብዙውን ጉዳት ማስቀረት እንችል ነበር። ስለዚህ ወቀሳውን ለማንም ሳንሰጥ ታሪኩን እንየው።

ክፉ ቀን

የእኛ አገር ሰው የከብት በሽታ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» እያሉ ሲያወሩ ሰምተን አድገናል። እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል ከጣሊያን ሠራዊት ጋር በመጡ ከብቶች እንደገባ የሚነገርለት «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ከሰሜን እስከ ደቡብ አገሩን አዳረሰው። ከ10 ከብት 9 ያህሉ እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ሲጠፋ ማሳው ጦሙን አደረ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ረሃብና በተከተለው ወረርሽኝ ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ይነገራል። አጼ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ የሆኑት በዚያ ጊዜ ነው።

ደስታ የሚመጣው በቫይረስ ነው። የእኛን ጊደሮች የገደለው ደግሞ በባክቴሪያ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ ገበሬው «ሳምባ» ይለዋል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ታሪክ በአገራችን የተሳሰረ ስለሆነ ወደ ደስታ ኋላ እንመለሳለን።

ሳምባ በአሜሪካ

ብዙዎቻችን ሳምባን የአፍሪካ በሽታ አድርገን እናስበዋለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ በሽታ የአውሮፓን ከብት ይጨርስ ነበር። እዚህ የምንኖርበት አሜሪካም የገባው በአንዲት ላም ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ብሩክሊን ውስጥ አንድ ወተት ነጋዴ ከእንግሊዝ ከመጣች መርከብ ላይ አንዲት ላም ገዛ። ላሚቱ ሳምባ ነበረባት። ከእሷ በበረቱ ወዳሉት፣ ከእነሱም ወደ ጎረቤት በረት ተዛመተ። ቀስ በቀስ በምሥራቁ ክፍል ያሉ ግዛቶችን ይዞ፣ በ1880ዎቹ ኢሊኖይና ኬንታኪ ድረስ ደረሰ። እንግሊዝ በ1879 በአሜሪካ ከብት ላይ ገደብ ስትጥል ንግዱ ተናጋ።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1884 የእንስሳት ኢንዱስትሪ ቢሮ የተባለውን መሥሪያ ቤት ያቋቋመው በዋናነት በዚህ በሽታ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ዶክተር ዳንኤል ሳልሞን ነበሩ፤ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ የተሰየመው በእሳቸው ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ የታመመውንና ከታመመው ጋር የዋለውን ከብት እየለየ አሳረደ፣ ለባለቤቶቹም ካሣ ከፈለ። በ1892 አሜሪካ ከሳምባ ነጻ መሆኗ ታወጀ። አንዲት ላም ያመጣችውን ለማጥፋት 49 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

እንግዲህ እኛስ ምን አደረግን? ከተለያየ ገበያ ጊደር ገዝተን፣ ሳንመረምርና ሳናቆይ በዚያው ሳምንት ለቤተሰቦች አከፋፈልን። እያንዳንዷም ማታ ከጎረቤት ከብት ጋር አደረች። የብሩክሊኑ ወተት ነጋዴ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

በሽታው እንዴት ይይዛል?

በዚያ ዘመን የበሽታውን ምክንያት በዐይኑ ያየ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1852 የቤልጅየሙ ሐኪም ሉዊ ዊለምስ በታመመ ከብት ሳምባ ውስጥ የተገኘውን ፈሳሽ ወስደው በጤነኛ ከብት ጅራት ጫፍ ላይ ከተቡ። ከተከተቡት አንዳንዶቹ ጅራታቸው እያበጠ ቢቆረጥም የተረፉት በሽታውን መቋቋም ቻሉ። ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ ኤድሞን ኖካርና ኤሚል ሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በፓሪስ ጀርሙን ለብቻው ማራባት ቻሉ። ዛሬ ማይኮፕላዝማ ማይኮይደስ ይባላል።

ይህ ጀርም ከሌሎች ባክቴሪያዎች የሚለይበት ነገር አለ። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ዙሪያቸውን የሚከልል ጠንካራ ግድግዳ አላቸው፤ ፔኒሲሊን የሚሠራው ያንን ግድግዳ በማፍረስ ነው። ማይኮፕላዝማ ግን ከመጀመሪያው ግድግዳ የለውም። ስለዚህ የሚስለውን ከብት ፔኒሲሊን መውጋት ገንዘብ ማባከን ነው። ሌሎች መድኃኒቶች ምልክቱን ሊያስታግሱ ይችላሉ፤ በሽታውን ከመንጋ ውስጥ ግን አያጠፉትም።

ከታመመች ላም ሳል ጋር የወጣው ጀርም በትንፋሽ ወደ ሌላዋ ሳምባ ይገባል። የአየር ቧንቧው ውስጥ በእርጥብ ንፍጥ የተሸፈኑ፣ ጥቃቅን ጸጉሮች ያሏቸው ሴሎች ተደርድረዋል። ጸጉሮቹ የገባውን አቧራና ጀርም ወደ ውጭ ይጠርጋሉ። ጀርሙ እዚያ ሊቆይ የሚችለው ከሴሉ ጋር ተጠግቶ ከያዘ ብቻ ነው። ካልያዘ ተጠርጎ ይወጣል ወይም ተውጦ ይቀራል።

ከተጣበቀ በኋላስ? የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጀርሙ ከከብቱ ሰውነት ግሊሰሮል የተባለውን ንጥረ ነገር ወስዶ ይጠቀማል፤ በዚያ ሂደት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ፋርማሲ ሄደን ቁስል ለማጠብ የምንገዛው ፈሳሽ ራሱ ነው። ጀርሙ ከሴሉ ጋር ተጣብቆ ስላለ መርዙ በቀጥታ ወደ ሴሉ ይደርሳል። ተመራማሪዎቹ በላብራቶሪ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራውን የጀርሙን ኤንዛይም ሲገቱት ሴሎቹ ከጉዳት ተረፉ። ጀርሙ ከዚህ ሌላ ዙሪያውን የሚሸፍን የስኳር ካባ አለው፤ ካባው ከሰውነት መከላከያ ይሸሽገዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ገበሬው ያውቀዋል። ከብቷ ታተኩሳለች፣ መብል ትተዋለች፣ አንገቷን ዘርግታ የፊት እግሮቿን ከፍታ ትቆማለች፣ ስትተነፍስ ታቃስታለች። ስትታረድ ሳምባዋ ጠጥሮ ከጎድኗ ጋር ተጣብቆ፣ ደረቷም ቢጫ ፈሳሽ ሞልቶት ይገኛል። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ሁለት ነገሮች በተለይ ያታልላሉ። አንደኛ፣ ከብቷ ከተያዘች በኋላ ሳታሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ልትቆይ ትችላለች። ሁለተኛ፣ የዳነች የምትመስለው ከብት በሳምባዋ ውስጥ ተከልሎ የተቀመጠ ቁስል ሊኖራት ይችላል፤ ጀርሙ እዚያ በሕይወት ይቆያል። ገበያ ላይ ጸጉሯ የሚያብረቀርቅ ጊደር ዐይተን «ደህና ናት» ማለታችን ለዚህ ነው ያላዋጣን።

ክትባቱና የቢሾፍቱ ተቋም

አሜሪካ በሽታውን ያጠፋችው በማረድና ካሣ በመክፈል ነው። አፍሪካ ውስጥ ግን ይህ ቀላል አልነበረም። ሳምባ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከሆላንድ በመጣ ኮርማ ወደ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ የሖሳ ሕዝብን ከብት ሲጨርስ ያስከተለው መከራ በታሪክ ይታወሳል። በሬው እርሻው፣ ላሟም ባንኩ የሆነችለትን ገበሬ ያለ ካሣ «እረድ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ተስፋው ክትባት ሆነ።

ዛሬ በስፋት የምንጠቀምበት ክትባት ቲ1/44 ይባላል። መነሻው በ1951 ታንጋኒካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ፣ የተገኘ ጀርም ነው። ጀርሙን ጫጩት በያዘ እንቁላል ውስጥ 44 ጊዜ አሳልፈው አዳከሙት፤ የስሙ ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። በአገራችን ይህን ክትባት የሚያመርተው በ1956 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ነው። በዚያው ከተማ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ፣ ይገኛል፤ በአህጉሩ የሚመረቱ የእንስሳት ክትባቶችን ጥራት የሚፈትሸው እሱ ነው። ክትባት ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም ማለት ነው።

ክትባቱ ግን ሁለት ጉድለት አለው። ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከፋብሪካ እስከ ቀበሌ በበረዶ ሣጥን ካልተጓዘ ውስጡ ያለው ሕያው ጀርም ይሞታል። ጥበቃውም ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ በየዓመቱ መደገም አለበት። አንድ ዓመት መዝለል በሩን ክፍት መተው ነው።

ደስታ ሲጠፋ ሳምባ ለምን ተመለሰ?

ወደ ደስታ እንመለስ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። አፍሪካ ደስታን ለማጥፋት የመጀመሪያውን ትልቅ የጋራ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1962 ጀመረች። ዘመቻው በኋላ አገራችንንም አዳረሰ። በሽታው ሊጠፋ ሲቃረብ ግን ክትባቱ ላላ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደስታ አፍሪካን መልሶ መታት። በ1986 ፓርክ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው አዲስ አህጉራዊ ዘመቻ ተጀመረ። በዚህ ዘመን ብዙ የአገራችን ከብት የደስታንና የሳምባን ክትባት በአንድ ላይ ያገኝ ነበር።

ቀጥሎ የተደረገው ብልህነት ነበር። አገሩን ሁሉ ከመከተብ ይልቅ ቫይረሱ ተደብቆ የቀረበት ቦታ ተለይቶ ኃይል ወደዚያ ዞረ። በ1994 በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ሙቀት የሚቋቋመውን የደስታ ክትባት ተሸክመው በእግራቸው ከከብቱ ጋር ተጓዙ። በአገራችን የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው። በ2008 ኢትዮጵያ ከደስታ ነጻ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ተረጋገጠ፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። አያቶቻችንን ያስለቀሰው በሽታ ጠፋ፤ ልንኮራበት ይገባል።

ግን ድሉ ያላሰብነው ውጤት ነበረው። የደስታ የጅምላ ክትባት ሲቆም አብሮት ይሰጥ የነበረው የሳምባ ክትባትም ተቋረጠ። የሳምባ ጀርም አልጠፋም ነበር፤ ዳኑ በተባሉ ከብቶች ሳምባ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ያልተከተበ ትውልድ ሲወለድ የሚጣበቅበት ሳምባ አገኘና ተመለሰ። በ1990ዎቹ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የሳምባ ወረርሽኝ መብዛቱን ባለሙያዎች መዝግበዋል። እኔም በሥራ ላይ ሳለሁ አርሶ አደሩ «ድሮ ይከተብ ነበር፣ አሁን ማን መጣ?» ይለን ነበር። መልስ አልነበረንም።

የጥጆቹ ጉዳይ

የጥጆቹ ሞት ሌላ በሽታ ነው፤ መጣበቅ ግን እዚህም አለ። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በሰውም በከብትም አንጀት ይኖራል፤ አብዛኛው ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ዓይነት ግን በገላው ላይ ጸጉር መሰል ክሮች ያበቅላል። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ጭጎጎት ልብሳችን ላይ እንዴት ይጣበቅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ክሮቹ እንደዚያ ናቸው። ኬ99 የሚባለው ክር የአራስ ጥጃን የአንጀት ሴል ይይዛል። ባክቴሪያው ከያዘ በኋላ በሚያመነጨው መርዝ ምክንያት ከጥጃው ሰውነት ውኃ ወደ አንጀት ይፈስሳል። ጥጃው በተቅማጥ ደርቆ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታል።

የሚገርመው ይህ ክር የሚይዝበት ቦታ በጥጃው አንጀት ላይ በብዛት የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ መሆኑ ነው። ጥጃው ያንን ጊዜ ካለፈ ጀርሙ መያዣ ያጣል። እነዚያን ቀናት የሚያሻግረው ደግሞ እንገር ነው። ሰው በእናቱ ማኅፀን ሳለ መከላከያውን በእትብት በኩል ያገኛል። ጥጃ ግን አያገኝም፤ ባዶ እጁን ነው የሚወለደው። መከላከያው ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው። እንገሩ ወደ ደም ገብቶ ይጠብቀዋል፤ አንጀቱ ውስጥ የሚቀረውም የጀርሙን ክሮች ሸፍኖ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ጊዜው ግን አጭር ነው። የጥጃው አንጀት መከላከያውን ወደ ደም የሚያሳልፈው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በሩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ልማዳችንን መመርመር አለብን። እንገር የሚወደድ ምግብ ነው፤ እኔም እናቴ አፍልታ የሰጠችኝን ጣዕሙን አልረሳውም። በአንዳንድ ቤት «ጥጃውን ይጎዳዋል» ተብሎ መጀመሪያ ታልቦ ይወሰዳል፤ በአንዳንዱም ጥጃው የሚቀርበው ሰው ከወሰደ በኋላ ነው። ለእንገሩ ይድረሰን፤ ግን ጥጃው ከጠገበ በኋላ። ጥጃው ከክብደቱ አንድ አስረኛ ያህል፣ የአገራችን ጥጃ ከሆነ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ፣ በመጀመሪያው ቀን መጥባት አለበት። የመጀመሪያውም ጡት ከተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሆን አለበት። ይህ ከእኛ ከታከር አንድ ዶላር አይጠይቅም። ምክር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከእንግዲህ ምን እናድርግ?

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ከዚህ ከታከር ብዙም በማይርቀው የአትላንታው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የሚወጣውን መመሪያ በየቀኑ እንሰማ ነበር። መራራቅ፣ ለይቶ ማቆየት፣ መከተብ። ያም ቫይረስ የሚጎዳው ከሴላችን ጋር ከተጣበቀ በኋላ ነበር። ለራሳችን የተማርነውን ለከብቶቻችን አለማድረጋችን ነው የጎዳን። ስለዚህ የዚህ ዓመት በጀት ሲወሰን የሚከተሉትን እንድታስቡባቸው በትሕትና እጠይቃለሁ፦

1. ጊደር ከገበያ ተገዝታ በዚያው ሳምንት አትከፋፈል። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያያትና ትከተብ፤ ለብቻዋ በተከለለ በረት ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ትቆይ። የሚስል ከብት ከታየ የዚያ በረት ጊደሮች በሙሉ አይከፋፈሉ።

2. ገንዘባችንን በሙሉ ለጊደር መግዣ አናውለው። የእኛን ጊደሮች ብቻ ከትበን የጎረቤቱን ካልከተብን ትርጉም የለውም፤ ሳምባ የሚጠፋው መንጋው በሙሉ ሲከተብ ነው። ከወረዳው ጋር ተስማምተን ቀበሌው በየዓመቱ እንዲከተብ ለበረዶ ሣጥን፣ ለማቀዝቀዣና ለነዳጅ ብናግዝ ከብዙ ጊደር የበለጠ ይጠቅማል።

3. ጊደር የምትሰጣቸው እናቶች ስለ እንገር፣ ስለ በረት ንጽሕናና ስለ አራስ ጥጃ አያያዝ የአንድ ቀን ምክር ያግኙ። ምክሩን የሚሰጡት ከራሳቸው ከእናቶቹ መካከል የተመረጡ ቢሆኑ ይሰማል።

4. ክትባቱ አንድ ዓመት ሰጥተን የምንተወው እንዳይሆን። ገንዘብ ካነሰን ጊደሩን እንቀንስ እንጂ ክትባቱን አናቋርጥ። የደስታና የሳምባ ታሪክ ያስተማረን ይህንን ነው።

በስብሰባው ላይ «ዕድላችን ነው» ያሉት አባታችን ከብቶቻቸውን በልጅነታቸው በሳምባ እንዳጡ ኋላ ነግረውኛል። ያን ጊዜ አባታቸው አንዲት ጥገት ብቻ ቀርታላቸው ነበር፤ የእሳቸው ትምህርት ቤት መግባትም በዚያው ዓመት ቀረ። በዚህ ዓመት ስብሰባ ላይ ግን ክትባቱ በበጀቱ እንዲገባ መጀመሪያ እጃቸውን የሚያወጡት እሳቸው እንደሚሆኑ ነግረውኛል። እናንተስ?

እግዚአብሔር አገራችንንና ከብቶቿን ይባርክ። የከርሞ ሰው ይበለን።